የምትጮኸዋ ሴት ጎረቤቶች

ነጋና እኔ በአስፈሪ ፊልም ጉዳይ ተስማምተን አናውቅም። እሱ የሚወደው አዲሶቹን ነው፤ ካሜራው እንደ ወባ በሽተኛ የሚንቀጠቀጥባቸውን፣ ደም እንደ ተሰበረ ቧንቧ የሚንፎለፎልባቸውን። እኔ የምወደው አሮጌዎቹን፣ ጥቁርና ነጮቹን ነው። በአሮጌዎቹ ጭራቁ ቶሎ አይመጣም። በር ያሳዩናል፤ በሩ ተዘግቷል፤ ከዚያ እጀታው ቀስ ብሎ ይዞራል። ለእኔ ፊልም ማለት ያ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ የመጣው ነገር ጥርስ ይኑረው ቀንድ ይኑረው ግድ አይሰጠኝም።

«አንቺ የምትወጂው ሆረር ሳይሆን አናጢነት ነው» ይለኛል ነጋ።

«አንተ ደግሞ የምትወደው ልኳንዳ ቤት ነው» እለዋለሁ።

ይህን የምንባባለው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ቤት ነው። ነጋ ዲቪዲዎቹን በፌስታል ይዞ ከጀሞ በታክሲ ይመጣል። እያለከለከ ደረጃውን ይወጣና ሶፋው ላይ ቀኝ ጆሮውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ ይቀመጣል። ግራ ጆሮው አይሰማም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ እናደርገዋለን። መጋረጃ እዘጋለሁ። ከዚያ ሰው ይታረዳል፣ ሴቶች ይጮሃሉ፣ እኛም ከእነሱ በላይ እየጮህን እንከራከራለን። ከሳምንቱ ውስጥ ከሰው ጋር በቅጡ የማወራው ያን ቀን ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነጋ የሚመካው በትወና እውቀቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፍርድ ቤት ችሎት ሲያስከብር ኖሯል፤ ሰው ሲዋሽና እውነት ሲናገር ቆሞ እያየ ነው ያረጀው። «ፍርሃት ዓይን ላይ አይደለም» ይላል። «ዓይኑን ማንም ያፈጣል፣ አፉንም ማንም ይከፍታል። ፍርሃት ያለው ትከሻ ላይ ነው። ትከሻ መዋሸት አይችልበትም።» አንዲት ተዋናይት ገና ከመኪናዋ ስትወርድ «ይቺ ትከሻዋ አልፈራም» ብሎ ይፈርድባታል። ያን ካለ በኋላ ሴትዮዋ በደም ብትታጠብም አይምራትም። የሚያናድደኝ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

የተዋወቅነው የድሮው ሰፈር ሳይፈርስ ነው። ባሌ ሙደሲር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከልደታ ማርያም ወደ ተክለ ሃይማኖት ሲኬድ ውስጥ ለውስጥ ገባ ብሎ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቤት ልበለው እንጂ ቆርቆሮ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበሮች፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና ካሴት ማጫወቻ። በር ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ነጋ ከሥራ እንደወጣ ከነከረባቱ ይመጣና ፊት ወንበር ላይ ጉብ ይላል።

አስፈሪ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየን ዕለት የሆነውን እስካሁን ሳስታውሰው እስቃለሁ። ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት ጫካ ውስጥ ባለ ቤት ለብቻዋ ሳለች ነፍሰ ገዳይ ይመጣባታል። ስትጮህ ድምፁ ቆርቆሮውን አልፎ ሰፈሩን ሞላው። ወለተሰንበት የምትባል ጎረቤታችን በርበሬ እየወቀጠች ነበርና ዘነዘናዋን እንደያዘች በሩን በርግዳ ገባች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች፣ ፍልጥ የያዘ ሰው፣ ፊቱ ላይ የመላጫ ሳሙና ያለበት ሰው ተከትለዋታል።

«ማናት የጮኸችው? ማነው የነካት?» አለች።

ሙደሲር በሳቅ እየሞተ ቴሌቪዥኑን አሳያት። ወለተሰንበት ትክ ብላ አየችው። ሴትዮዋ አሁንም ትጮሃለች፣ ነፍሰ ገዳዩም አሁንም እየመጣ ነው።

«ታዲያ ይቺ ጎረቤት የላትም?» አለች።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከወለተሰንበት ጋር የገባው የበርበሬ ብናኝ ደግሞ ሁሉንም አስነጠሰው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ፊልም ላይ አንዲት ሴት ስትጮህ ከኋላ ወንበር አንዱ «ጎረቤት የላትም እንዴ?» ይላል፣ ሁሉም ያውካካል። ነጋ ግን አይስቅም ነበር፤ ነገሩን እንደ ክስ ነው የያዘው። «የደራሲው ስንፍና ነው» ይል ነበር። «ሰው እንዲህ ጮሆ ማንም የማይደርስበት አገር የለም። ሌላው ቢቀር አንድ ሰው ይመጣል። ይህን ያልጻፈ ደራሲ ሰው የሚባል ነገር አያውቅም።» እኛም አመንነው። ፈረንጆቹ ጭራቅ መፍጠር ይችሉበታል፣ ጎረቤት መፍጠር ግን አይችሉበትም ብለን ደመደምን።

ከዚያ ሙደሲር ሞተ። ዲቪዲ በየቤቱ ሲገባ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፣ ቀጥሎም ሰፈሩ ፈረሰ። ዕጣ ሲወጣ ለነጋ ጀሞ ደረሰው። ወለተሰንበት የት እንደገባች ዛሬም አላውቅም። ለእኔ እዚያው ልደታ ደረሰኝ። «ታድለሻል፣ ከሰፈርሽ ሳትወጪ» አሉኝ ሁሉም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ቁልፉን ተቀብዬ ከገባሁ በኋላ ነው። እኔ የትም አልሄድኩም፤ የሄደው ሰፈሩ ነው።

የአሁኖቹ ጎረቤቶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ፊት ለፊቴ ያለችው ወይንሀረግ ባንክ ቤት ትሠራለች። ደረጃ ላይ ካገኘችኝ ፌስታሌን ትቀበለኛለች፣ ለዒድ እንኳን አደረሰዎት ትለኛለች። ከዚያ በሯን ትዘጋለች፣ እኔም በሬን እዘጋለሁ። ልጄ ሳሚያ ደሴ ነው የተዳረችው፤ ደውላ «ሰላም ነሽ?» ስትለኝ «ሰላም ነኝ» እላታለሁ። ውሸት አይደለም። ሰላም ከመብዛቱ የተነሳ የፍሪጁ ድምፅ ይሰማኛል።

አንድ ረቡዕ አመሻሽ ላይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳሙና አንሸራቶ ጣለኝ። ዳሌዬን ክፉኛ መታኝ፤ ልነሳ ብል አልሆነም። መጀመሪያ አፍሬ ዝም አልኩ። ቆይቼ ጮህኩ። «የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!» ደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማኝ። ኮቴው በሬ ጋ ሲደርስ ቆም ያለ መሰለኝ፣ ከዚያ አለፈ። የወይንሀረግ በር ተከፈተና ተዘጋ። ደግሜ ጮህኩ፣ ደግሜ ጮህኩ። ሰው ሳቀ፤ ከየትኛው ፎቅ እንደሆነ አላወቅኩም። በመጨረሻ የእጅ መታጠቢያውን ተንጠላጥዬ ራሴ ተነሳሁ።

ዳሌዬ ጠቆረ እንጂ አልተሰበረም። ለሳሚያ አልነገርኳትም። ለነጋም ጭምር ደበቅኩት፤ ያን ሁሉ ዘመን የሳቅንባት ሴት እኔ ሆኜ መገኘቴ አሳፈረኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። ብጮህ የሚመጣ ሰው አለ ወይስ የለም? አንዳንዴ ድምፄ ደክሞ ነው፣ አልሰሙኝም እላለሁ። አንዳንዴ ሰምተውኛል እላለሁ፤ ያን ጊዜ እንቅልፍም ምግብም እምቢ ይለኛል። ቁርጤን ማወቅ ነበር የምፈልገው።

በመሃሉ ነጋ ተዋናይ ሆነ። አብዱልሃኪም የሚባል ወጣት ዳይሬክተር የአማርኛ ሆረር ሊሠራ ሽማግሌ ሲያፈላልግ ነጋን ጀሞ ሻይ ቤት ያገኘዋል። ታሪኩ ቤቱ ስለፈረሰበት አዛውንት መንፈስ ነው። መንፈሱ ኮንዶሚኒየም ለኮንዶሚኒየም እየዞረ የድሮ ቤቱን ይፈልጋል፤ የሰው በር ያንኳኳል፤ ያልከፈተለትን ያጠፋል። ነጋ ከደስታው ብዛት ሰውነቱ ቀለለ። አረማመዱን መስተዋት ፊት እያጠና እንደሆነ ሲነግረኝ «ለመንፈስነት ምን ልምምድ አስፈለገህ፣ እንዳለህ ግባ» አልኩት። አኮረፈና የዚያን ዕለት ፊልም አጋምሶ ሄደ። ለቀረጻ የሚሆን ቤት ሲቸግራቸው ግን የእኔን ያስመረጠው እሱ ነው።

«ቅዳሜ ይሁን» ያልኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ሁሉ ቤቱ የሚገኘው ቅዳሜ ነዋ።

ቀኑን ለማጨለም መስኮቶቼን በብርድ ልብስ ጋረዷቸው። ገመድ በገመድ ሆንን። ዋናዋ ተዋናይት መልኳ የሚያምር፣ ጠባይዋም የሚወደድ ልጅ ናት፤ ጩኸቷ ግን አይጥ ያየች ሰው ጩኸት ነው። አብዱልሃኪም ደጋግሞ አስጮኻት። ነጋ ከጥግ ሆኖ ትከሻዋን እያየ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ሐሳቡን ለወጠ። ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ካሜራው የተዘጋውን በር ብቻ ያያል፣ ጩኸቱ ከውስጥ ይሰማል።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አልኩ ሳላስበው። «በሩን!»

«ድምፁን እሷ ትጩህልህ» አለ ነጋ ወደ እኔ እያመለከተ። «የቪዲዮ ቤት ባለቤት ናት፤ ሰው ሲጮህ ስትሰማ ነው የኖረችው።»

አብዱልሃኪም ትንሽ አሰበና ተስማማ። «ግን እትዬ መይሙና፣ መጀመሪያ ለጎረቤቶች እንንገራቸው። ሰው ደንግጦ ከመጣ ቀረጻው ይበላሻል፣ ፖሊስም ሊጠሩብን ይችላሉ» አለኝ።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩና ወጣሁ።

የላይኛውን ፎቅ ወጣሁ፣ የታችኛውን ወረድኩ። በየበሩ ቆምኩ። የወይንሀረግ በር ላይ እጄን አነሳሁ፤ ውስጥ ሕፃን ይስቃል፣ ድስት ይንኳኳል። እጄን መለስኩ። አንዱንም በር ሳላንኳኳ ተመለስኩና «ነግሬያቸዋለሁ» አልኩት። ዋሸሁ እንግዲህ። ቀረጻው ቢበላሽ ምን ቸገረኝ? እንዲያውም እንዲበላሽ ነበር የጓጓሁት። ወይንሀረግ ወጧን ጥላ፣ የላይኛው ፎቅ ሰዎች ደረጃውን እየዘለሉ፣ ሁሉም መጥተው በሬን ቢሰብሩልኝና አብዱልሃኪም በንዴት ጸጉሩን ቢነጭ አላህን አመሰግን ነበር።

መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ በሩ ተዘጋብኝ። ነጋ ግቢ ወርዶ ፊቱን ዱቄት እየተቀባ ነበር። «አክሽን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስክሪፕቱ ላይ ያለው «አህ!» ብቻ ነው። እኔ ግን የእጅ መታጠቢያውን አየሁት፣ ወለሉን አየሁት።

«ኡኡ! የሰው ያለህ! የጎረቤት ያለህ! ድረሱልኝ!»

ጮህኩ። እንደገና ጮህኩ። ጉሮሮዬ እስኪላጥ ጮህኩና ዝም ብዬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከውጭ ምንም የለም። አብዱልሃኪም ቀረጻውን አላቆመም፤ ስለወደደው ይሆናል። ሕፃኑ ከዚያ ማዶ ሳቁን አቁሟል፤ ስለዚህ ተሰምቻለሁ። አንድ በር ሲከፈት ጠበቅኩ። አልተከፈተም። እንባዬ መጣ፤ ትወና አልነበረም።

ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ሩጫ ነው። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይሮጣል። የቤቱ በር ተበረገደ፣ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ፣ ሰው «ኧረ ያዘው!» አለ፣ የመታጠቢያ ቤቱም በር ተከፈተ። ነጋ ነው። ፊቱ በዱቄት ነጭ ሆኗል፣ አንድ ዓይኑ ዙሪያውን ጠቁሯል፣ ሌላኛው ገና አልተቀባም። ለመንፈስነት ያለበሱት ጋቢ የለም፣ አንድ ጫማው የለም፣ በእጁ የግቢውን ጥበቃ መወልወያ እንደ ጦር ይዟል።

«ምን ሆንሽ? ማነው የነካሽ?»

«ከት!» አለ አብዱልሃኪም፣ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ሆኖ። «ጋሽ ነጋ! ስክሪፕቱን አንብበዋል እኮ!»

«አንብቤያለሁ» አለ ነጋ እያለከለከ።

«እሷ እንደምትጮህ ያውቃሉ! ራስዎ ነዎት እሷ ትጩህ ያሉት!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ጮኸች» አለ ነጋ። «ጮኸች እኮ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ትከሻውን አየሁት። ትከሻው እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገብ ነበር። ነጋ መወልወያውን አስቀምጦ ጠጋ አለኝና ሌሎቹ እንዳይሰሙ አድርጎ «ይሄ ጩኸት የመጀመሪያሽ አይደለም። መቼ ነው የጮህሽው?» አለኝ።

«አንድ ረቡዕ» አልኩት። «ወድቄ ነበር።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ጫማውን ፍለጋ ወረደ፣ እኔም ፊቴን ታጠብኩ። ቀረጻው አልተበላሸም። ጩኸቴን ወስደው ነጋ ከመግባቱ በፊት ያለው ላይ ቆረጡት።

በማግስቱ ጠዋት ወይንሀረግን ደረጃ ላይ አገኘኋት። ሕፃኗን ታቅፋለች። እየፈራች እየቸረች ፈገግ አለችልኝ።

«እማማ መይሙና፣ አይቀየሙኝና ትናንት የፊልሙ ድምፅ በጣም በዛ። ይቺ ልጅ ደንግጣብኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እንኳን ለምደነዋል። እባክዎ ትንሽ ይቀንሱልን።»

«ፊልም መሆኑን በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«እንዴ» አለችና ሳቀች። «እርስዎ ቤት ሁልጊዜ ሰው ይጮሃል እኮ! ባለፈው ጊዜ አንድ ረቡዕ ዕለትም የአማርኛ ፊልም ከፍተው አልነበር? ሴትዮዋ 'የሰው ያለህ' የምትለው። እንዴት አድርጋ ነው የምትሠራው በማርያም! ከባለቤቴ ጋር አውርተንላታል። ርዕሱ ማነው?»

ደረጃው ላይ ቆሜ ሕፃኗን አየኋት። የድሮው ሰፈር ሰው የፊልም ጩኸት ሰምቶ ዘነዘና ይዞ መጣ፤ ይቺ የኔን ጩኸት ሰምታ ትወናዬን አደነቀች። እንዳልቆጣት ጥፋቷ አልታየኝም። ደግ ልጅ ናት። ለዓመታት በየሳምንቱ ግድግዳዋ ላይ ሰው ሳሳርድባት የኖርኩት እኔ ነኝ።

«ርዕሱን አላስታውሰውም» አልኳት። ከዚያ ደግሞ አላስችል ብሎኝ «ስሚኝ ወይንሀረግ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት የሚጮህ ፊልም የለም። ጩኸት ከሰማሽ የምጮኸው እኔ ነኝ» አልኳት።

ሳቀች። ቀልድ መሰላት።

ቃሌን ግን ጠበቅኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጋ ሲመጣ ድምፁን ጨርሼ አጠፋሁት። ይጣላኛል ብዬ ነበር፤ አልተጣላኝም። «ይሻላል» አለ። «ጩኸቱ ሲጠፋ ነው ማን መተወን እንደሚችል የሚታወቀው።» እንዲያ ሆነን ብዙ ቅዳሜ አየን። ሴቶች አፋቸውን ከፍተው ይሮጣሉ፣ ድምፅ የለም፤ እኛ ትከሻ ትከሻቸውን እያየን በሹክሹክታ እንፈርድባቸዋለን። በሕይወቴ ከማንም ጋር እንደዚያ ተግባብቼ አላውቅም። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ የነጋ ጉልበት ደረጃውን እምቢ አለ። ልጁ ሀዋሳ ናት፤ መጥታ ወሰደችው።

ፊልሙ ወጥቶ ሲኒማ ቤት ጥቂት ጊዜ ታይቶ ወረደ። ዲቪዲውን አብዱልሃኪም ላከልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋረጃዬን ዘግቼ፣ ድምፁን አጥፍቼ ከፈትኩት። ነጋ መንፈስ ሆኖ በየበሩ ይዞራል፤ አረማመዱ የምር ያስፈራል፤ ይህን ባለመንገሬ ቆጨኝ። ከዚያ የእኔ መታጠቢያ ቤት በር መጣ። ካሜራው በሩን ያያል። በሩ ዝግ ነው። ከኋላው ሰው እንደሚጮህ የሚያሳይ ምንም ነገር የለም፤ የላላ እጀታ ያለው ተራ በር ነው። ስልኬ ጠራ።

«ምን እያየሽ ነው?» አለኝ ነጋ ከሀዋሳ።

«በር» አልኩት።

«አናጢ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና «የኛው ነው?» አለኝ።

«የኛው ነው።»

«ይከፈታል?»

እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ። «ሳይከፈት ቆርጠውታል» አልኩት።

ስክሪኑ ላይ በሩ አልፎ ሌላ ነገር መጣ። ወደ ኋላ መለስኩትና በሩ ላይ አቆምኩት።

«እስቲ ድምፁን ክፈችውና በስልኩ ጩኸትሽን ልስማው» አለኝ ነጋ። «በደህናው ጆሮዬ ነው የያዝኩሽ።»

«አይሆንም ነጋ» አልኩት። «ፊልም ይመስላቸዋል።»